ምንም አይወስዱም

ወይዘሮ ማዘንጊያ የሐሞት ጠጠራቸውን በቀዶ ጥገና ሊያስወጡ ሆስፒታል ሲገቡ ዘጠኝ ዘመድ አጅቧቸው ነበር። የሚቀደዱት እሳቸው ናቸው፤ ነፍሷ ልትወጣ የደረሰችው ግን ምራታቸው እፀገነት ነች።

እፀገነት ለድብርት የታዘዘላት ክኒን ትውጣለች። ባሏ ግሩም አያውቅም። ካወቀ ለእናቱ ይነግራል፤ እናቱ ከሰሙ ደግሞ የሳቢያን ሰፈር በሙሉ «የግሩም ሚስት አእምሮዋ ተነካ» ብሎ ሊጠይቃት ይሰለፋል። የወይዘሮ ማዘንጊያ አቋም የታወቀ ነው፦ «ደስታ በክኒን ቢገኝ ኖሮ ባለ ፋርማሲ ሁሉ ሲስቅ ይውል ነበር።»

ከፋሲካ ወዲህ ታዲያ ክኒኑ ከቦርሳዋ ይጎድል ጀመር። አንድ ቀን የአማቷ እጅ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ደረሰች።

«መርፌ ፈልጌ ነው» አሉ፣ ሳይደነግጡ።

ማስረጃ እየሰበሰቡብኝ ነው ብላ ደመደመች። የጎደለውን እየገዛች ከመተካት በቀር ምን ታድርግ?

ይባስ ብሎ የሴትዮዋ ጸባይ አማረ። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተኙት ሰው ተነሥተው፣ ቀፊራ ገበያ ወርደው በበርበሬ ዋጋ መከራከር ጀመሩ። ቤት ውስጥም ይስቃሉ። ዘመድ ሲያጠጣቸው የከረመውን ጠበል አመሰገነ። እፀገነት ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ብላ የባሰ ፈራች።

የማደንዘዣ ባለሙያው ነጅሙዲን ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«እናቴ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም አይወስዱም» አለ ዘመድ ሁሉ በአንድ አፍ። በሽተኛ ተጠይቆ ዘመድ ዝም ካለ ምኑን ዘመድ ሆነ?

«ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት፣ ለድብርት የሚሰጥስ? አቦ አትደብቁኝ። ከምሰጣቸው ማስታገሻ ጋር ከተጋጨ ጉዳቱ ለሳቸው ነው።»

ወይዘሮ ማዘንጊያ ቀና ብለው ምራታቸውን አዩ። እፀገነት ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«እሷ ትቆይ። ሌላችሁ ውጡ። ግሩም፣ አንተም።»

በሩ ተዘጋ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ከደረታቸው የተቋጠረ መሐረብ አወጡና ፈቱት። የጠፋው ክኒን ነው። እፀገነት አለቀልኝ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አላቋረጥኩም፣ ልጄ» አሉ ለነጅሙዲን፤ «ዛሬ ብቻ ውሃ እንኳ አይቀመስም ስላላችሁኝ፣ ጾሜን እንዳልገድፍ ብዬ ሳልውጠው ቀረሁ።»