የስንዱ እግር

የመኪና አደጋ ሕመም እንደየጥፋቱ መጠን ይከፋፈል ከተባለ ወዲህ፣ ስንዱ የተሰበረ እግሯን ሕመም የምትችለው ሠላሳ በመቶውን ብቻ ነበር። ግራ ቀኝ ሳታይ አስፋልት ስለገባች ነው። ሰባው የገጫት ሾፌር፣ የባዩ ድርሻ ነበር።

ዛሬ ልብስ ልታጥብ ስትነሣ ግን ምንም አላመማትም። ደንግጣ ደወለችለት።

«ትራፊክ ፖሊስ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ፣ እትዬ» አላት ባዩ። «ያን ቀን እያንቀላፋሁ ነበር የምነዳው። ጥፋቱ በሙሉ የእኔ ሆኗል።»

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ።»

«እትዬ... ቆመዋል እንዴ?» አላት ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

ስንዱ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እግሯንም ትራስ ላይ ሰቀለች። የተዘፈዘፈው ልብስ ሳፋው ውስጥ ዋለ።

ማታ ባሏ ገብቶ «ዛሬም አመመሽ?» አላት።

«እኔስ ደኅና ነኝ» አለችው። «ሰውየው ይረፍ ብዬ ነው።»