ሲከፍሉ የሚያነቡት ስም

ገና በውድቅት ሌሊት የዳቦ ቤቱ ምድጃ ተለኮሰ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱ ብስክሌተኞች ዳቦውን ጭነው በኬንያዋ ከተማ በኪሱሙ ሰፈሮች ተበተኑ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሮዳ ሽርጧን አራግፋ፣ የወተት ሻይዋን ጠጥታ፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሒሳብ ባለሙያዋን ናኬሳን ተቀበለች።

“በመጀመሪያ ፈቃድሽን አሳዪኝ” አለቻት። “ባለፈው ወር አንድ ባለ ከረባት ሒሳቤን ፈረመልኝ። ዳቦ የማቀርብለት የሴቶች ትምህርት ቤት ‘ፈራሚው ያልተመሰከረለት ነው’ ብሎ መለሰው።”

ናኬሳ የምስክር ወረቀቷን ዘረጋች። “ከረባት እንኳ የለኝም፣ ማማ። የፈቃድ ቁጥሬን ግን ወደ ሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበራችን ደውለው ያጣሩ።”

ሮዳ ደውላ አጣራች። እስከ ዓርብ በትክክለኛ ባለሙያ የተፈረመ ሒሳብ ካልገባ የትምህርት ቤቱ የዳቦ ውል ይቀራል፤ ከውሉ ጋር የዘጠኝ ሠራተኞች እንጀራ ይቀራል።

ጋጋሪው ኦሙጋ አንገቱን በበሩ አስገባ። “ልጅቷ የምበላውንም ትቆጥራለች? እንዲያ ከሆነ አለቀልኝ!”

“ያንተን ሆድ የሚችል መዝገብ አልተሠራም። ሂድ ወደ ምድጃህ!”

ናኬሳ መዝገቡን ገጽ በገጽ አየችና ብዕሯን አስቀመጠች።

“ሒሳቡ ንጹሕ ነው። ደንበኞች በስልክ የሚከፍሉበት ቁጥር ግን በማን ስም ነው?”

“በሟች ባሌ።”

“ካረፉ ስንት ጊዜ ሆናቸው?”

“አሥራ አራት ወር።”

“ታዲያ ለምን አላዛወሩትም?”

ሮዳ የመዝገቡን ጠርዝ በጣቷ አስተካከለች።

“ሰው ከመክፈሉ በፊት ስልኩ ላይ የባሌ ስም ይወጣል። ቁጥሩን እንዳልሳሳት ብሎ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ‘ጀራሞጊ ኦዴራ ነው?’ ይለኛል። ‘አዎ፣ እሱ ነው’ እላለሁ።”



“ማማ፣ በሟች ስም የገባውን የእርስዎ ገቢ ነው ብዬ ብፈርም ፈቃዴን ይነጥቁኛል።”

“ባለ ከረባቱ ግን ፈርሟል።”

“እኔን ያስጠሩኝስ የእሱ ፊርማ ስለተመለሰ አይደል?”

ሮዳ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ተነስታ የባሏን የሞት ማስረጃ ከመሳቢያ አወጣች። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የስልክ አገልግሎት ቢሮ አብረው ተሻገሩ። ወረፋው አጭር ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ሞተረኛ ሁለት ዳቦ ገዛ። ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ “ሮዳ አዎር ይላል። ልክ ነው?” አላት።

“ልክ ነው” አለችው።

በቀን ስልሳ ሰባ ጊዜ ይጠራ የነበረው የጀራሞጊ ስም አሁን የሚጠራው የለም።