ፖፖ የሚደፋው ባል

ባል በድንገት ደግ ሲሆን ሚስት መደሰት አለባት ወይስ መፍራት? ትሁት ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻለችም።

ባሏ ዓለምሰገድ አማን ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ጋራዥ ባጃጅ ቀለም ይቀባል። በሦስት ዓመት ትዳራቸው ፖፖ ነክቶ አያውቅም። ፖፖው የተገዛው ለልጃቸው ለሳባ ነበር፤ ሳባ ግን ራሷ ላይ እንደ ቆብ ትደፋዋለች እንጂ አትቀመጥበትም። ስለዚህ ዝናብ አድሮ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው የጓሮ መንገድ ሲያንሸራትት ትሁት ራሷ ትጠቀምበታለች። አማን ደግሞ ዝናብ የማያድርበት ቀን ጥቂት ነው።

አንድ ጠዋት ዓለምሰገድ ከአልጋው ዘሎ ወረደ።

«አንቺ ተኚ፤ ፖፖውን እኔ እደፋዋለሁ።»

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ሚስትን መርዳት በሽታ ነው?»

ከሁለት ቀን በኋላም ደገመው።

ትሁት ቱታውን እያጠበች ነገሩን ለጎረቤቷ ለእትዬ ማናልሞሽ ነገረቻቸው። ሰማያዊውን ቀለም ሳሙና ስለማያስለቅቀው፣ ሁሌም እንደምታደርገው በባዶ እጇ በቲነር እያሸችው ነበር።

«ደግሞ ሰማያዊ ኩቴክስ አማረሽ?» ብለው ጥፍሯን አይተው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሌላ ሴት አለችው። የኔም ሰውዬ ጥፋት ያጠፋ ሰሞን ሽንኩርት ይልጥልኝ ነበር።»

በነጋታው የሳባ የሳል ሽሮፕ መጥፋቱ ታወቀ። እስከ ግማሽ ሽሮፕ የነበረበት ብልቃጥ ባዶውን፣ ታጥቦ፣ ከዓለምሰገድ ጃኬት ኪስ ተገኘ።

«በቃ፣ እዚያም ቤት የሚያስል ልጅ አለ» አሉ እትዬ ማናልሞሽ።

ትሁት አለቀሰች። ደግሞ ይባስ ብሎ ያላየችው ልጅ ሳል ያሳዝናት ጀመር።

በሳምንቱ ዓለምሰገድ በቀን ከሥራ ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል።

«እናቱ ማን ናት?» አለችው።

«የማን እናት?»

«የሚያስለው ልጅ!»

ዓለምሰገድ ግራ ገብቶት አያት። «የምን ልጅ? ሐኪሞች ጋራዣችን መጥተው ነበር። ቀለምና ቲነር ሲነካካ የኖረ ሰው የሽንት ፊኛ ካንሰር ሊይዘው ስለሚችል ሁላችሁም ሽንት ስጡ አሉን። አለቃችን ደግሞ፣ ሽንቱ የታመመ ሰው አላሠራም አለ። ሁለቴ ተመረመረ፤ ሁለቴም ደም ተገኘ። ካንሰር ይሁን አይሁን ጅማ ሄዶ ይታይ ብለው ሪፈር ጻፉ።»

«ታዲያ ሴት የለችም?»

«የምን ሴት?»

«ተመስገን!» ብላ አቀፈችው። ወዲያው ምን እንደተናገረች ገባትና እሪ አለች። «አይዞህ የኔ ጌታ! ሳባን ለእትዬ ትቼ አብሬህ ጅማ እሄዳለሁ። ያምሃል? የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

«እኔማ ምንም አያመኝም» አለ። ጣቶቿን ይዞ ሰማያዊ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ አየ። «ትሁቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቱታዬን እንዳትነኪው።»

«አሁን የቱታ ነገር ነው የሚያስጨንቅህ?»

ሳባ ፖፖዋን ራሷ ላይ ደፍታ ስትመጣ ዓለምሰገድ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ።

እስቲ እናንተ ትሁትን ምከሯት፤ ሪፈሩ «ዓለምሰገድ፣ ወንድ» ነው የሚለው፤ ከፖፖው በሽሮፕ ብልቃጥ ቀድቶ የራሴ ነው ብሎ ያስመረመረው ሽንት ግን፣ እያለቀሰ እንደነገራት፣ የእሷ ነው፤ ጅማ ስትደርስ ምን ብላ ታስረዳቸው?