ያለ ፈቃድ የተነሳ ፎቶ

ልብስ ሰፊው መቀሱን አስሞርዶ ሲመለስ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለችው በርጩማ ባዶ ነበረች።

አባቱን እዚያ ላይ አስቀምጦ፣ «ከዚህ ንቅንቅ እንዳይሉ፣ አደራ» ብሏቸው ነበር የሄደው። ሽማግሌው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። በቀደም ከዓመታት በፊት የሸጡትን ቤት በር ሲያንኳኩ ተገኝተዋል። ሰፊው ይህን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የቤት ገመና ነው። ለምን ይዟቸው እንደሚመጣ ሲጠየቅ «ሰው እንዲያጫውታቸው ነው» ይላል።

ጎረቤቱ ብርቱካን ሻጯ ጣቷን ወደ አውቶብስ መናኸሪያው ቀሰረች።

«ያቺ ካሜራ ያንጠለጠለችው ልጅ ስታነሳቸው አይቻለሁ። በኋላም እዚህ መጥታ የስፌት መኪናህን ስትዞረው ነበር። እኔንም ላንሳሽ ወይ ብላኛለች፤ በዚህ ፀጉሬ አይሆንም አልኳት።»

«አባቴንስ ማንን አስፈቅዳ ነው?»

«እሱን እሷን ጠይቃት።»

ደሙ ፈላ። አባቱ ዛሬ ባንድ እግራቸው ጥቁር፣ ባንድ እግራቸው ቡናማ ጫማ አጥልቀው ነው የወጡት። ጠዋት ስለቸኮለ አይቶ እንዳላየ አልፎታል። አሁን ያ ጫማ ከስልክ ስልክ ሲዞር፣ አገር ሲስቅበት ታየው። ካሜራ ደቅና አስደንግጣ ያባረረቻቸውም ከእሷ ሌላ ማን ይሆናል?

በጋዜጣ የተጠቀለለውን መቀስ በብብቱ ሸጉጦ ሰዉን እየገፋ ሄደ። ልጅቱ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ፣ ቀጠሮ እንዳለበት ሰው አንገቷን ታሰግጋለች።

«የሽማግሌውን ፎቶ አምጪ።»

«የትኛውን ሽማግሌ፣ ጋሼ?»

«ጫማቸው የተለያየውን። ጠፉሽ እንዴ?»

ልጅቱ ካሜራዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የእሳቸውን ለማንም አላሳይም። እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

ሰፊው ግራ ቀኙን አየ። ተሸካሚው፣ ረዳቱ፣ መንገደኛው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ልጃቸው ነኝ ቢል፣ ታዲያ እንዴት ጠፉብህ ሊባል ነው።

«ምናቸውም ብሆን ምን አገባሽ? ሰው እንደ ግድግዳ ዝም ተብሎ አይነሳም።»

«እኔ ሳላስፈቅድ አላነሳም።»

«እሳቸው እኮ ፈቃድ የሚሰጡ...» ምላሱን ነከሰ።

አንድ ተሸካሚ ጆንያውን እንደተሸከመ ጣልቃ ገባ። «እኔንም ባለፈው አንዱ ላቤ ሲንጠባጠብ አንስቶኝ፣ እናቴ አይታው ስታለቅስ ሰነበተች። እቢሮ ነው የምሠራው ብያት ነበር።»

የሳቀው ሳቀ፤ አብዛኛው ግን ተቆጣ። «እኛ መናፈሻ ውስጥ የታጠርን አውሬ ነን እንዴ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ጋሼ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ይስሙኝ እንጂ» አለች ልጅቱ።

«የሌባ ነገር አልሰማም።»

ካሜራውን መነተፋት። ፎቶው ያለባትን ሚሞሪ በጥፍሩ ፈልቅቆ አወጣ። ልጅቱ እጁን ልትይዝ ስትል አንዱ ገፋ አደረጋት። ሰፊው ጋዜጣውን ገለጠና ገና የተሞረደውን መቀስ መዘዘ። ሚሞሪዋ ቀጭ ብላ ለሁለት ተከፈለች።

«የሰው ክብር እንዲህ ነው የሚጠበቀው» አለ። ያጨበጨቡም ነበሩ።

ሰዉ ወደየጉዳዩ ሲበተን ግን ቁጣው በረድ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«በይ አሁን ንገሪኝ። ሽማግሌው በየት በኩል ሄዱ?»

 የልጅቱ ዓይን ከመቀሱ ወደ ደረቱ፣ ሸሚዙ ላይ ወደተጣበቀው ቁራጭ ክር ሄደ።

«ልብስ ሰፊው ልጃቸው እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች። «"የምሳፈርበት አውቶብስ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገሽ አንሺኝ፤ ልጄ ሲፈልገኝ ለእሱ ብቻ አሳዪው" ብለውኝ እርስዎን ስጠብቅ ነው የቆየሁት፤ ካሜራው ይዞታል ብዬ ቁጥሩን እንኳ አላነበብኩትም።»