የይርዳው ኮምፒውተር

«ገደልሽው!» አለ ይርዳው፣ ጥቁሩ ስክሪን በነጭ ጽሑፍ ሲሞላ አይቶ።

«ኧረ አልሞተም። ሊኑክስ የሚባለው አዲሱ ሲስተም ሲጫን እንዲህ ነው» አለችው ትርሲት።

አምና ሥዕሎቿን በራሱ ስም አሳትሞ የተጨበጨበለት ሰው፣ ዛሬ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ትርስዬ፣ ኮምፒውተሬን ለሥዕልም ለፕሮግራምም የሚሆን አድርጊልኝ» ብሎ ቤቷ መጥቷል። እሷም ጥርሷን ነክሳ እሺ ብላዋለች።

ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ የሚል ጥያቄ በእንግሊዝኛ ብቅ አለ።

«አንብበህ አንተው ወስን።»

ይርዳው አልገባኝም ከሚል ሞቱን ይመርጣል። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደ ሊቅ ራሱን ነቀነቀና «አዎ» የሚለውን ተጫነ።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ውስጡ ወና ነበር።

«ለሁለተኛው መጽሐፍ ያስቀመጥኳቸው ሥዕሎቼስ?» አለ።

«ውይ፣ ያንተ ሥዕልም ነበረበት እንዴ?»