የዘርአ ዳዊት ፊት

«ፊቱን አጥፊው!» ይሉኛል አለቃ ወልደአረጋይ፣ ገና ከለቅሶ ቤቱ በር ሳይገቡ።

እጄ ጭቃ ነው። የቀረኝ የግራ ቅንድቡ ብቻ ነው፤ እሱን በስንጥር እየጫርኩ ስለሆነ ቀና አልልም። እሳቸው የደብሩ አለቃ ናቸው፤ እኔ ሸክላ ሠሪዋ ይመኙሻል ነኝ። አንኮበር ሙሉ በገንቦዬ ውሃ ይጠጣል፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ግን ቡዳ ናት ብሎ ልጁን በነጠላ ይሸፍናል።

«አንቺን እኮ ነው!»

«ሰማሁ፣ አባቴ።»

ውጭ ለቀስተኛው ሜዳውን ሞልቶታል። የሟቹ ፈረስ ተጭኖ ቆሟል፤ አልቃሿ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። የሚጠበቀው ምስሉ ነው። ሬሳው ላልመጣ ሰው ወጉ እንዲህ ነው፤ እንጨት አቁሞ ጭድ መጠቅለል፣ የሟቹን ልብስ ማልበስ፣ በአልጋ ተሸክሞ ወጥቶ ማልቀስ። ፊት አይሠራለትም። ጭንቅላቱ ላይ ሻሽ ይጠመጠምና ያበቃል።

ለእናቱ ለአስካለማርያም ግን ሻሹ አልተዋጠላትም። አንድ ልጇ ዘርአ ዳዊት አሩሲ ዘምቶ ቀረ። ጓደኞቹ ፈረሱንና ጋሻውን ይዘው መጥተው ሲያረዷት «ተሳስታችኋል» ብላ ምሳ አበላቻቸው። ማቅ ልበሺ ሲሏት «ይመጣል» አለች። በመጨረሻ ዘመድ ተሰብስቦ የለቅሶውን ቀን ሲቆርጥባት እኔን አስጠራችኝ። እሜቴ ስላት «ተዪው እሱን፣ አንቺ በይኝ» አለችና እጄን ያዘችኝ። «ፊቱን ሥሪልኝ። ሳላየው አላለቅስም። እናቱ ካላለቀሰችለት ደግሞ እዚያው እንደወደቀ ይቀራል።»

ሰው ከጭቃ መሥራት ለኔ አዲስ አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴ ለገንቦ ካቦካችው እየሰረቅሁ ሰው እሠራ ነበር። ባየችው ቁጥር በጥፊ ትለኝና «በፈጣሪ ሥራ ትገቢያለሽ?» እያለች መልሳ ታቦካዋለች። ባለብን ስም ላይ ሌላ እንዳይጨመርብን ፈርታ ነው፣ ነፍሷን ይማር። ካደግሁም በኋላ ማታ እሠራለሁ፣ ጠዋት አፈርሳለሁ። አንዱም ቆሞ አልዋለም። ይሄኛው ግን ዛሬ ሜዳ ወጥቶ አገር ሊያየው ነው። በለቅሶ ሥራ ደስ ማለት ነውር ነው፤ ግን ደስ ብሎኛል፣ ምን ላድርግ!

አለቃ ተጠግተው ያዩታል። ያዩትና መቋሚያቸውን ይደገፋሉ። ልጁን ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው።

«እግዚኦ! እሱ ራሱ ነው እኮ!»

«እሱ ነው፣ አባቴ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምልሽ! ይህ ከወጣ ዛሬ ያለቅሱለታል፣ ነገ ይስሙታል፣ ከነገ ወዲያ ይሰግዱለታል። ያኔ እኔ ለአምላኬ ምን ብዬ እመልሳለሁ? አይወጣም። አጥፊውና በሻሽ ሸፍኚው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ምላሴን እነክስ ነበር። «አባቴ፣ እኔን ይርገሙኝ፣ ግድ የለም። እሷ ግን ገና አላየችውም! እስኪያልቅ አላይም ብላ ይኸው ጓዳ ተቀምጣለች።»

«ተዪ፣ ይመኙሻል።»

አስካለማርያም የጓዳውን በር ይዛ ቆማለች። ቀስ ብላ ወደ ምስሉ ትመጣለች። አገጩን የቀዳሁት ከሷው አገጭ ነው፤ ፊት ለፊት ሲሆኑ ያስታውቃል። ዓይኑን ገልጬ ነው የሠራሁት፤ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ በገንቦ ዋጋ ሲከራከረኝ እንደሚያየኝ አድርጌ። የከንፈሩን ጥግ በጣቷ ትነካዋለች። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ጣቷ ላይ ይቀራል።

አታለቅስም። አልሆነም፣ እላለሁ በሆዴ።

«አባቴ፣ ይህን ልጅ ማን አጠበው?» ትላለች።

አለቃ ከምስሉ ወደሷ ይዞራሉ።

«ማን ገነዘው? ዓይኑንስ ማን ከደነለት?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይመኙሻል አታጠፋውም። እኔ አጥበዋለሁ።» ወደኔ ትዞራለች። «ውሃ አምጪልኝ።»

«ኧረ ይሟሟል! እሳት ያላየ ጭቃ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

እምቢ ማለት አፌ ላይ ደርሷል። በዕድሜዬ ሙሉ አምሮ የወጣልኝ አንድ ሰው ይህ ነው፤ የሜዳው ሰው አንዴ እንኳ ሳያየው! ሆኖም ማድጋው ጋ ሄጄ በቅል ቀድቼ እመጣለሁ።

ወንድን የሚያጥበው ወንድ ነው። አለቃ ግን ይህን አይሏትም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ፍትሐቱን በለሆሳስ ይጀምራሉ።

መጀመሪያ በሁለት አውራ ጣቷ የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ትስባለች። ጭቃው እሺ ይላታል፤ ዓይኖቹ ይከደናሉ። እጇን ስትዘረጋልኝ አፈስላታለሁ። ግንባሩን ታጥበዋለች፣ ከዚያ ጉንጩን። እያጠበች ታወራዋለች። «አቧራ ነው ይሄ፣ የመንገድ አቧራ ነው። ቀና በል እስቲ። እንዲህ ሆነህ ነው የከረምከው?» ቀዩ ውሃ በክንዷ ይወርዳል። አፍንጫው ሲጠፋ ድምጿ ይሰበራል። ከንፈሩ ሲጠፋ «ልጄ! ልጄን!» ብላ ትጮኻለች፤ ያን ያህል ጩኸት ከዚህች ሴት ይወጣል አልልም ነበር። ውጭ ያለው ሰው ሰምቶ ሜዳው ሁሉ በዋይታ ይመልስላታል።

የቀረው አገጩ ብቻ ነው። እጇን እንደገና ትዘረጋለች። እኔም እንባዬ አላሳይ ቢለኝ ዓይኔን በትከሻዬ ጠርጌ ቅሉን አዘነብላለሁ።