ሠላሳ ጋሎን ጸበል

«ያለ እኔ ይሄ አርቪ ከክሪስታል ንቅንቅ አይልም!»

ማዕዶት ይህን የምትለው የአርቪው፣ የባለ አልጋና ባለ ሽንት ቤቱ መኪና፣ መውጫ ደረጃ ላይ ተጎልታ፣ ስልኳን ፊቷ ላይ ደቅና ነው። ለጓደኞቿ ቪዲዮ እየቀረጸች ነው። «ጎማ፣ ቼክ! ዘይት፣ ቼክ! የውኃ ታንክ እስከ አፉ፣ ቼክ! ሁሉንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቴክሳስ፣ ባሕርሽን ልናጸዳልሽ መጣን!»

ሐሙስ ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። በክሪስታል ከተማ፣ የአፓርታማቸው ፓርኪንግ ውስጥ ከእነሱ በቀር ማንም የለም።

በጋ በመጣ ቁጥር አባቷ በሪሁን ከሥራ ባልደረባው የገዛውን አሮጌ አርቪ አስነሥቶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቴክሳስ ባሕር ዳርቻ ይነዳል። እዚያ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ፕላስቲክና የተበጣጠሰ መረብ ይለቅማሉ። አምና አሸዋ ውስጥ የተቀበረ የመርከብ ገመድ አልነቀል ብሎ ዐሥር ትልልቅ ሰዎች ሲታገሉ፣ ማዕዶት ጥልቅ ብላ «አንድ፣ ሁለት፣ ሳቡ!» እያለች አዘዘቻቸው። ወጣ። አስተባባሪዋ ሴትዮ ይህን አይታ፣ «ለሚቀጥለው ዓመት የቡድን መሪ አንቺ ነሽ» አለቻት። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀራት፤ ነገ ማታ ሁለት ሰዓት ምዝገባው ሳይዘጋ በአካል መድረስ።

«ማዕዶት!» እናቷ ሰገነት ፌስታል አንጠልጥላ ከሕንጻው ወጣች። «በሩ ጋ ያስቀመጥኳቸው ሦስት የወተት ጋሎኖች የታሉ?»

«ታንክ ውስጥ።»

«የምን ታንክ?»

«የውኃው ታንክ ነዋ። ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አየኋቸውና ገለበጥኳቸው። ንጹሕ ውኃ ነው፣ አሽትቼዋለሁ።»

ፌስታሉ ከሰገነት እጅ ወደቀ። «ጸበል ነው እኮ! ለመንገድ ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁት!»

የማዕዶት ታናሽ እህት፣ የዘጠኝ ዓመቷ ኤልሻዳይ፣ በአርቪው መስኮት ብቅ አለች። «ኦ ማይ ጋድ!»

«አንቺ ደግሞ ስሙን በከንቱ አትጥሪ!»

«እማ፣ ቆይ» አለች ማዕዶት ከደረጃው ሳትወርድ፤ «ታንኩ ሠላሳ ጋሎን ነው። ሦስቱ ብቻ ጸበል ነው። ዐሥር ፐርሰንት ማለት ነው።»

«ጸበል ፐርሰንት የለውም! አሁን ሁሉም ጸበል ነው። በዚህ ሰሃን አይታጠብም፣ ሽንት ቤት አይለቀቅም። ሰምተሻል?»

በሪሁን መፍቻውን ይዞ አርቪው ሥር ተንበረከከ። «ምን ያስጮኻችኋል? ከታች ድሬይን ላድርገው፣ በቃ።»

«አንተ! አስፋልት ላይ ልታፈሰው? ሰው ሊረግጠው?»

በሪሁን እሳት እንደነካው እጁን ሰበሰበ። የፓርኪንጉ ጥግ ላይ ያለውን ዛፍ በዓይኑ አሳያት።

«እዚያ? የሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚሸናበት ላይ? እግዜር ይይልህ!» ሰገነት ስልኳን አወጣች። «ሴንት ፖል ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወስደን ለቄሱ እንመልሳለን። ቄሱ ደግሞ ቀን ሌላ ቦታ ነው የሚሠሩት፤ የሚወጡት አሥር ሰዓት ነው።»

በሪሁን በጣቱ ቆጠረ። መንገዱ ሃያ ሁለት ሰዓት ነው። የሚነዳው እሱ ብቻ ነው። «ከአሥር ሰዓት በኋላ ከወጣን ሳልተኛ ካልነዳሁ በቀር ነገ ማታ አይደረስም። ሳልተኛ ደግሞ ልጆች ጭኜ አልነዳም» አለና ቀና ብሎ ልጁን አያት። «ይቅርብሽ የእኔ ልጅ። ለከርሞ ትመሪያለሽ።»

ለከርሞ! የማዕዶት ፊት እስከ ጆሮዋ ጋለ። ያንን የቡድን መሪ ብርቱካናማ ሰደርያ ሌላ ሰው ለብሶት፣ እሷ ጆንያ ይዛ ከኋላው ስትከተል ታያት። እዚያው ደረጃው ላይ እንደተቀመጠች እግሮቿን ዘርግታ መግቢያውን ዘጋች።

«አልወርድም።»

«ማዕዶት፣ ተነሺ!»

«ኖ! አልነሣም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሺ። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ወገቤ እስኪቆረጥ የማላውቀውን ሰው ቆሻሻ ለቅሜያለሁ። አሁን ደግሞ በሦስት ጋሎን ምክንያት እዚህ ቁጭ ብዬ አልቀርም። ጸበሉ ላይ ጸበል ብሎ የጻፈበት ሰው አለ? የለም! ወተት ነው የሚለው!»

«አፍሽን ያዢ!»

«አልይዝም! አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። የምትፈልጊው ሰው የማይረግጠው ቦታ ነው?»

«አዎ።»

«ውሻ የማይሸናበት?»

«አልኩሽ እኮ!»

«ባሕር ይረገጣል?»

ሰገነት ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ትከሻውን ነቀነቀ።

«እንዳለ እንወስደዋለን» አለች ማዕዶት፣ መንገድ እንደተከፈተላት ገብቷት እየፈጠነች። «ጠብታ አንነካም። እንደደረስን ባልዲ ይዘን ጉልበታችን ድረስ እንገባና እናፈሰዋለን። እስከ ዛሬ ባሕሩን ያጸዳነው በእጃችን ነበር፤ ዘንድሮ በጸበል! እኛን የሚያህል የት ይገኛል?»

ሰገነት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ጎንበስ ብላ ፌስታሏን አነሣችና ወደ ምሥራቅ ዞራ አማተበች። «እሱ ይወቀው። ባሕር ከሆነ… ይሁን።»

«የስ!» ማዕዶት ተስፈንጥራ ተነሣች፤ ወገቧን ያዘች። ገና ክሪስታል ሳለች ባሕሩ ዳር ያለች ያህል ድምፅዋ ወፍሯል። «ስሙኝ እንግዲህ! የቡድን መሪ ትእዛዝ ነው። ሽንት ቤቱ ከዚህ እስከ ቴክሳስ ተዘግቷል። በሩን አሁኑኑ በቴፕ አሽገዋለሁ። በየማደያው አቁሙልኝ ማለት የለም፤ በቀን ሁለቴ ብቻ ነው የምንቆመው። መቻል ነው! ያልቻለ ከአሁኑ እዚሁ ይቅር!»

በሪሁን ከአርቪው ሥር ወጣ። የጉልበቱን አቧራ አራገፈና ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ባለፈው እሑድ ኮሎምቢያ ሃይትስ ስንሄድ፣ በአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ሁለቴ ሽንቴ መጣ ብለሽ ያስቆምሽኝ አንቺ ነሽ።»